ኮፈን ሥር የታሰረ ፈትል

መኪናዬ ልትፈላ ስትል የምታሰማውን ድምፅ በእንቅልፍ ልቤም ቢሆን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ውስጥ ለውስጥ ትንሾካሾካለች፤ ቀጥሎ እንደተከደነ ድስት ትንተከተካለች። ከዚያ በኋላ መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ዳገቱ ላይ ይቀመጣል፤ እኔም ጀሪካን ይዤ ምንጭ ፍለጋ ቁልቁል እወርዳለሁ። ከአርብ ገበያ ወደ ንፋስ መውጫ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ያ ዳገት ሰውንም፣ አህያንም፣ ሞተርንም እኩል ይፈትናል።

መኪናይቱ አሮጌ ናት። አፍንጫዋ ረጅም፣ ከሾፌሩ ኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያሏት፣ ጣራዋ ላይ ጆንያ የሚጫንባት የመንገደኛ መኪና ናት። እሷን ለመንዳትም ለመጠገንም ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ በረዳትነት ሥራ ጀመርሁ፤ ብሎን እያቀበልሁ፣ እየተሰደብሁ፣ እጄን እያቃጠልሁ ተማርሁ። የቀረውን ሽፋኑ ከተገነጠለ የጥገና መጽሐፍ ላይ፣ ፊደሉ ባይገባኝ ሥዕሉን እያየሁ ለቀምሁ። ልጆቼንም በዚሁ መንገድ አሳደግኋቸው። ማንም ሰው ተኝቶ አዋቂ አልሆነም እላቸዋለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። በራሱ የተማረ ሰው ግን አንድ አደጋ አለበት። የሚያርመው ስለሌለ ስሕተቱንም እንደ እውቀቱ አጥብቆ ይይዘዋል።

የእኔ ትልቁ እውቀት ስለ ሞተሩ ክዳን፣ ስለ ኮፈኑ ነበር።

ሰው ሁሉ መኪናው ስትሞቅበት ቆሞ ኮፈኑን ይከፍታል። እኔ ደግሞ፣ ቆሜ ስከፍተው የሚጠቅመኝ ከሆነ እየሄድሁ ለምን አልከፍተውም አልሁ። ኮፈኑን በመስታወቱ በኩል የያዙትን ማጠፊያዎች ፈትቼ ከሥራቸው የወይራ እንጨት አስገባሁ፤ በረጅም ብሎን መልሼ አሰርሁት። ኮፈኑ ከፊት እንደተዘጋ ሆኖ ከኋላው አራት ጣት ያህል ተነሣ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ያደግሁት አውድማ ላይ ነው። ገበሬ ሲያዘራ ንፋሱ ከአንድ ወገን ይመጣና እብቁን ይዞ በሌላው ወገን ይወጣል። ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ንፋሱ በፊት ይገባል፣ ትኩሳቱን ተሸክሞ በኋላ ይወጣል። ይህን ለሾፌሮች ሁሉ አስተማርሁ። ከእስቴ እስከ ስማዳ ባለው መንገድ ላይ ከኋላው ቀና ያለ ኮፈን ያየ ሰው የእኔን ደቀ መዝሙር አየ ማለት ነው።

መኪናዬ ግን መፍላቷን አልተወችም። ይልቁንም ከኅዳር ወዲህ፣ እህል በሚሰበሰብበት ወራት ይብስባት ነበር። ታዲያ ምን አደረግሁ? ክፍተቱ አንሶ ነው ብዬ እንጨቱን አወፈርሁት።

በዚህ መካከል ትልቋ ልጄ ከደብረ ታቦር ተመለሰች። የቴክኒክ ትምህርቷን ጨርሳ፣ መንጃ ፈቃድም አውጥታ ነበር።

«አባባ፣ የንፋስ መውጫውን መንገድ እኔ ልንዳ» አለችኝ። «እርስዎ አጠገቤ ይቀመጡ።»

«አንቺ?»

«መንጃ ፈቃድ የለኝም?»

«ወረቀት ዳገት አያወጣም።»

ሴት ስለሆነች አይደለም እል ነበር። እውነቱን ልናገር ከተባለ ጥቂት እሱም ነበረበት። የበለጠው ግን መሪዬን ለሰው ሰጥቼ አለማወቄ ነው። እሷም ተስፋ እየቆረጠች ሄደች። አንድ ቀን እናቷን «እዚህ የማልነዳ ከሆነ ባሕር ዳር ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ፤ ከገና በኋላ እሄዳለሁ» ስትላት በበር በኩል ሰማሁ። እኔም እንዳልሰማ ሰው አለፍሁ፤ ነገሩ ግን ደረቴ ውስጥ ተቀመጠ።

ጠቡ የተነሣው ግቢያችን ውስጥ ነው። እኔ ወፍራሙን የወይራ እንጨት እያስገባሁ ነበር። እሷ ቆማ ታየኛለች።

«አባባ፣ ንፋሱ መስታወቱን ሲመታ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ላይ ነዋ።»

«ሁሉም?»

«ሌላ ወዴት ይሄዳል?»

«ጎርፍ ግድግዳ ሲመታ ሁሉም ይዘላል? ግድግዳው ሥር ይጠራቀማል። ንፋሱም መስታወቱ ሥር ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመ ነገር ደግሞ ቀዳዳ ይፈልጋል። ቀዳዳውን እርስዎ ከፈቱለት።»

«እና?»

«እና በኋላ በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል። በፊት ከሚገባው ጋር ይገፋፋል። በፍጥነት በሄድን ቁጥር ይህ ክፍተት ይጎዳናል እንጂ አይጠቅመንም።»

መፍቻዬን ጥዬ ሳቅሁ። «ከኋላ የሚገባ ንፋስ! እንግዲህ ዘንድሮ ገበሬው እብቁን ወደ ገዛ ፊቱ ሊያዘራ ነው!»

ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። «ከምትጨቃጨቁ አታዩትም?» አለች።

«ንፋስ በምን ይታያል?» አልኋት።

ልጄ የእናቷን እንዝርት አተኩራ አየችው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ እኔም አንድ ነገር ሲበራልኝ እንዲሁ ነው የምሆነው። ከልጅ ጋር መከራከር አባትን ያሳንሳል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ክርክር የምወድ ሰው ነኝ።

«እንግዲያው ስሚ» አልኋት። «በዓይኔ ካሳየሽኝ ቁልፉን በእጅሽ አስቀምጣለሁ። ካላሳየሽኝ ግን ስለ ኮፈኔ ዳግመኛ አፍሽን አትከፍቺም።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች ባለቤቴ። «ኋላ አላልሁም እንዳትል።»

«ከአፌ የወጣ ቃል መቼ ታጥፎ ያውቃል?»

ዓርብ ሆነ። ገበያው ሲበተን መንገደኛ ይበዛል፤ ሽቅብ የምንጓዘውም ያን ጊዜ ነው። ልጄ የእናቷን ፈትል ስንዝር ስንዝር አድርጋ ቆረጠችው። ባለቤቴ «የነጠላዬን ድር!» ብላ ብትጮህም አልተመለሰችም። ቁራጮቹን ኮፈኑ ከመስታወቱ በሚዋሰንበት ከንፈር ላይ ከግራ እስከ ቀኝ ደርድራ በፕላስተር ለጠፈቻቸው። ኮፈኑ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ነጩ ፈትል ከሾፌሩ ወንበር ፍንትው ብሎ ይታያል። ንፋሱ ወደሚሄድበት ፈትሉም ይሄዳል። ሥራዋ ይኸው ነው። አውድማ ላይ አድጌ ይህ እንዴት እንዳልታየኝ ገረመኝ።

ከፊት ከእኛ ጋር አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀመጡ። ከኋላችን ካለው አግዳሚ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የምትመላለስ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ አለች፤ ምላሷ ከሽንኩርቷ ይልቅ የሚያቃጥል ሴት ናት። በሁለታችን ትከሻ መካከል አንገቷን አስግጋ ታያለች።

ቄሱ ፈትሎቹን አዩና «ምነው፣ ማተብ አሰራችሁላት?» አሉ።

«ደግ አደረጉ አባቴ!» አለች ነጋዴዋ። «በየሳምንቱ ዳገት ላይ ከምታስወርደን ክርስትና ብትነሣ ይሻላል።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ከከተማው ጫፍ ስንወጣ አንድ አዛውንት የገብስ ነዷቸውን መንገዱ ላይ ዘርግተው ቆመው ነበር። በእኛ አገር በዚህ ወራት የተለመደ ነው። በበሬ ከማበራየት የመኪና ጎማ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ገበሬው ነዶውን መንገድ ላይ ይዘረጋና የሚያልፈው መኪና ሁሉ እንዲረግጥለት ይለምናል። ሌሎች ሾፌሮች ዳር ይዘው ያመልጣሉ። እኔ አላመልጥም። ቀስ ብዬ ነዶው ላይ እወጣለሁ፤ ደስ ካለኝም ወደ ኋላ ተመልሼ እደግመዋለሁ። ያን ቀንም ደገምሁት።

«ተባረክ! ጎማህ አይተንፍስ! የወለድኸው ይባረክልህ!» አሉ አዛውንቱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። እብቁ በግራ በቀኝ ተነሥቶ ሸፈነን። ልጄ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

«ምርቃት ነዳጅ ነው» አልኋት።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ነዳጅ ረገጥሁ። ዓይኔ ከመንገዱ ወደ ፈትሉ፣ ከፈትሉ ወደ መንገዱ ይዘላል። መጀመሪያ ፈትሎቹ እንዲያው ተንቀጠቀጡ። ፍጥነቱ ሲጨምር ሁሉም ባንድ ጊዜ ጎንበስ አሉ። ወደ መስታወቱ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ወደ ክፍተቱ ውስጥ ነው የጎነበሱት። አንዷን ጭራሽ ሞተሩ እንደ መረቅ ፉት አላት።

«ሰገዱ!» አሉ ቄሱ።

«ገቡ» አለች ልጄ ቀስ ብላ።

አላመንሁም። ፍጥነት ቀነስሁ፤ ፈትሎቹ ቀና ቀና አሉ። ጨመርሁ፤ ተመልሰው ገቡ። ቀነስሁ፣ ጨመርሁ፣ ቀነስሁ። ዕድሜዬን ረሳሁት። ንፋስን የሚያህል፣ ስሸሸውም ስከተለውም የኖርሁትን ነገር በዓይኔ እያየሁት ነበር! ከኋላ አንዱ መንገደኛ «ኧረ ሰው ነን ጆንያ አይደለንም!» ብሎ ጮኸ።

«ይህ ሜዳ ነው» አልሁ ትንፋሼን ሰብስቤ። «ሜዳ ላይ ፈልታ አታውቅም። የምትፈላው ዳገት ላይ ነው። ዳገቱን እንይ።»

«እኔም የምጠብቀው እሱን ነው» አለች።

ዳገቱ ጀመረ። ከሁለተኛ ማርሽ ወደ አንደኛ ወረድሁ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናይቱ ትሳባለች፤ እግረኛ ጎን ለጎን እየሄደ በመስኮት ሰላምታ ይሰጠናል። ከዚያ ፈትሎቹ ብድግ አሉ! ወደ ውጭ፣ ወደ ላይ፣ እሳት ላይ እንዳለ ጢስ እየተውለበለቡ!

«ወጣ! ወጣ!» ብዬ መሪውን በጡጫ ስመታው ጡሩንባው ጮኸ። ከፊታችን ሁለት ጆንያ የተጫነች አህያ ደንግጣ ከመንገድ ወጣች፤ ባለቤቷ ዱላውን ወዘወዘብኝ። ምን ቸገረኝ! «ይገባል ያልሽው የት አለ? እስቲ አሳዪኝ!»

«ልክ ነዎት፣ ይወጣል» አለች ልጄ። «ቀስ ስንል የሚመጣ ንፋስ የለም። የሞተሩ ፋን የሳበው አየር ብቻ ነው ያለው፤ እሱ በክፍተቱ ይወጣል። ዳገት ላይ እርስዎ ልክ ነዎት።»

ቄሱ ወደ እሷ ዞሩ። «አባትሽ ረታ ማለት ነው?»

«ዳገት ላይ ረትቷል፣ አባቴ።»

በዚያ ቅጽበት እንዴት እንደተደሰትሁ መናገር ያሳፍራል። ልጅን ረትቶ መፈንጠዝ ለአባት አይገባም፤ እኔ ግን ፈነጠዝሁ። እሷ አልተናደደችም። ወደ ፊት ተጠግታ አገጯን መስታወቱ ሊነካ ደረሰ።

«ግን አባባ፣ በግራ በኩል ያሉት ለምን አይነሡም?»

አየሁ። በቀኝ በኩል ያሉት ፈትሎች ይጨፍራሉ። በግራ ያሉት ዝናብ እንደመታው ጭራ ተንጠልጥለዋል።

«ንፋሱ ከግራ እየመታን ነው፤ ተጭኗቸው ነው» አልሁ።

«እስቲ ጠምዛዛውን እንለፍ።»

ጠምዛዛውን አለፍን። አሁን ንፋሱ በቀኝ መስኮት ገብቶ የቄሱን ጥምጥም ያነሣው ጀመር። የቀኞቹ ፈትሎች አሁንም ይጨፍራሉ፤ የግራዎቹ አሁንም ሞተዋል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ግን መውጣት ጀምሮ ነበር። ልጄ መርፌውን፣ ቀጥሎ ፈትሉን አየች። እኔም አየሁ። ኮፈኑ ከኋላ ተከፍቶ፣ ንፋሱም እኔ እንዳልሁት እየወጣ፣ መርፌው ይወጣል።

መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ላይ ቆምሁ። ረዳቱ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ደገፈ። መኪናይቱ መንሾካሾኳን ትታ መንተክተክ ጀመረች።

«እንደ ልማዷ!» አለች ነጋዴዋ እየወረደች። «ማተቡም አላዳናት።»

ሞተሩ እስኪበርድ የራዲያተሩን ክዳን ማንም እንዳይነካ አዘዝሁ። ልጄ ካቻቪቴ ይዛ ከፊት ለፊት ተንበረከከችና ራዲያተሩን የሚጋርደውን የፊት መከለያ መፍታት ጀመረች።

«እሱን ለምን ትፈቺዋለሽ? ራዲያተሩን በየሳምንቱ አየዋለሁ» አልኋት።

«ከየት በኩል?»

«ከላይ።»

መከለያው ወረደ። እጇን እስከ ክንዷ ድረስ በግራ በኩል ወደ ታች አስገባችና አንድ ነገር ገንጥላ አወጣች። የዳቦ ቁራሽ ያህላል፤ ግራጫ ነው፤ ደርቋል። በመዳፏ ይዛ ለእኔ ሳይሆን ለቄሱ አሳየቻቸው፤ እኔን ማየት የፈራች ይመስለኛል። ቄሱ በሁለት ጣታቸው አሹት። ከውስጡ የገብስ እብቅ ብቅ አለ።

«ልጄ፣ ይህማ ምርግ ነው» አሉ።

ምርግ ነበር! ጭቃና ጭድ ተቦክቶ የቤት ግድግዳ የሚመረግበት ያው ምርግ። ነዶ በረገጥሁ ቁጥር ፋኑ እብቁን ስቦ ራዲያተሩ ላይ ይለጥፈዋል፤ ቀጥሎ የምሻገረው ወንዝ ጭቃውን ይረጭበታል፤ የሞተሩ ሙቀት ደግሞ ያደርቀዋል። በዓመት በዓመቱ ንብርብር ሆኖ፣ ቀለሙም ከብረቱ ተመሳስሎ ተቀምጧል። የራዲያተሩ ግራ ጎን ታችኛው ክፍል አየር የማያሳልፍ ግድግዳ ሆኗል፤ የግራዎቹ ፈትሎች ያልተነሡት ለዚህ ነው። ለምን በግራ እንደበዛ እስካሁን በርግጥ አላውቅም፤ ምናልባት ነዶ ላይ ስወጣ በግራ ጎማዬ ስለማደላ ይሆናል።

ነጋዴዋ ወገቧን ይዛ ጎንበስ ብላ ተመለከተችና ቀና አለች። «ጋሼ! እኛ በመኪና የምንሄድ መስሎን፣ ለካስ ቤት ሠርተው ኖሯል ይዘውን የሚዞሩት!»

«ክዳን ብቻ ነው የቀረው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሱንም ኮፈኑን አንሥተው ጀምረውታል!»

ሳቁ ዳገቱን ሞላው። ፊቴ ተቃጠለ። በልጄ ፊት፣ በቄስ ፊት፣ በመንገደኛ ፊት! ቢሆንም ከእፍረቱ ሥር አንድ ደስታ ሽቅብ ይገፋኝ ነበር፤ የመኪናዬን በሽታ አገኘነው! ስንት ዓመት ምንጭ ለምንጭ ያንከራተተኝ ነገር መዳፏ ላይ ተቀምጧል። ምርቃት እንደምወድ የሚያውቀኝ ያውቃል። ምርቃት ጥሩ ነው፤ እብቁን መጥረግ ግን የተመራቂው ሥራ ነው። እኔ ምርቃቱን ወስጄ እብቁን ትቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የደቦ ሥራ ነው። ረዳቱና ወጣቶቹ ከምንጭ ውኃ አመላለሱ። ልጄ «ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ነው የሚታጠበው፤ ከፊት ካጠባችሁት ይብስ ይጠቀጥቀዋል» እያለች ታዛለች። ኮፈኑን የሚያቆመው ብረት ስለሚንሸራተት ቄሱ መቋሚያቸውን አስደግፈውበት ቆሙ። ነጋዴዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «የእኔ እጅ ቀጭን ነው፣ ዞር በሉ» ብላ ገባችበት። ምርጉ እየተቀረፈ መንገዱ ላይ ተከመረ። በመጨረሻ ልጄ ከሞተሩ በኩል ሆና በራዲያተሩ ክንፎች መካከል አየችኝ፤ እኔም ከፊት ሆኜ አየኋት። ብርሃን ያልፍ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ መጥፎ ሐሳብ መጣብኝ። የተወራረድነው ስለ ኮፈን እንጂ ስለ ራዲያተር አይደለም። ዳገት ላይ እኔ ነኝ ልክ የሆንሁት፤ ራሷ በቄስ ፊት መስክራለች። ቁልፉን የማልሰጥበት በቂ ምክንያት አለኝ። ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ጨብጬ ቆምሁ።

ልጄ እጇን እየታጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች። «አባባ፣ ውርርዱ እኩል ነው የወጣው። ሜዳ ላይ እኔ፣ ዳገት ላይ እርስዎ። ቁልፉ አይገባኝም።»

ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረበትም። ይህ ነው የሰበረኝ። ለራሷ ብትከራከር ኖሮ እኔም እከራከር ነበር፤ በክርክርም አልቻልም። እሷ ግን ባሕር ዳር መሄዱን ልቧ ተቀብሎ እንኳ ሚዛኑን ወደ ራሷ አላጋደለችም። እውነት ተናገሩ ብዬ ያሳደግኋቸው ልጆች ናቸው። እውነት ሲናገሩ የሚያስከፍለኝን መክፈል የእኔ ፋንታ ነው።

«እንቺ» አልኋት።

«አልረታሁም እኮ።»

«አልረታሽም። እኔ ፈትሉን ያየሁት ልረታሽ ነው። አንቺ ያየሽው ልታዪ ነው። ለመኪና የሚያዋጣው ያንቺው ዓይነት አስተያየት ነው፤ ያዢ።»

ቁልፉን ተቀበለች። ትንሽ ቆማ አየችውና «እንግዲያው ኮፈኑን ዘግተን እንሞክረው» አለች። «ራዲያተሩ ጸድቷል። ዘግተንም ከፈላች እንጨቱን ራሴ እመልሳለሁ።»

መፍቻ አንሥቼ የወይራ እንጨቶቼን በገዛ እጄ አወጣሁ። ኮፈኑ ቦታው ላይ ሲገጥም የሰማሁት ድምፅ እንግዳ ሆነብኝ።

ልጄ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች፤ እኔ መካከል፣ ቄሱ በበሩ በኩል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። እግሬ ፍሬን ይፈልጋል፣ ፍሬን የለም። እጄ ማርሽ ይፈልጋል፣ ማርሹ ላይ የሰው እጅ አለ። ተነሣን። ወዲያው ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀችውና ሞተሩ ጠፋ። መኪናይቱ ወደ ኋላ ሸርተት አለች። ከኋላ «ማርያም! ማርያም!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

«እግርሽን! ፍሬኑን! የእጅ ፍሬኑን!» ብዬ ተወረወርሁ። ከእኔ በፊት እሷ ስባው ነበር፤ መኪናይቱ ቆማለች።

ቄሱ ትከሻዬን ያዙኝ። «አንተ ሰው፣ ተሳፋሪ አይደለህም?»

«አባቴ፣ ልጅቱ—»

«ተሳፋሪ ይጸልያል እንጂ አይነዳም። ተቀመጥ።»

ልጄ ላቧን በክንዷ ጠረገች። ሞተሩን አስነሣች፣ ነዳጅ ሰጠች፣ ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ ለቀቀች። ተንቀሳቀስን። አንደኛ። ቀጥሎ ሁለተኛ! እኔ እዚያ ቦታ ላይ በሁለተኛ ወጥቼ አላውቅም። መርፌውን አየሁ፤ መካከል ላይ ነው። ጠምዛዛውን ዞርን፤ መካከል ላይ ነው። ሁልጊዜ ሞተሩን ለማብረድ የምቆምበት ዛፍ መጣ፤ አልቆመችም። ልነግራት አፌን ስከፍት የቄሱ እጅ ትከሻዬ ላይ ከበደ። ዛፉን አለፍነው። መርፌው ፀጉር ያህል ከፍ አለና እዚያው ረጋ።

«አልፈላችም!» ብላ ነጋዴዋ ከኋላዬ ስትጮህ ጆሮዬ ሊበጠስ ነበር። አንዷ ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። እኔም ጮህሁ። ምን ብዬ እንደጮህሁ አላስታውስም፤ ቄሱ ግን ኋላ «ዘፈንህ እኮ» ብለውኛል።

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ስንደርስ አንዱ ሾፌር፣ ኮፈን ማንሣትን ከእኔ የተማረ፣ የተዘጋውን ኮፈኔን አይቶ መጣ። «ምነው፣ ሃይማኖት ለወጥህ?» አለኝ።

እውነቱን ነገርሁት። «በፍጥነት ስትሄድ በክፍተቱ ንፋስ ይገባብሃል፤ ይጎዳሃል። ቀስ በምትልበት ዳገት ጥቂት ትኩሳት ያስወጣልሃል። ራዲያተርህ ከተመረገ ግን ኮፈኑን ነቅለህ ገደል ብትጥለውም አትድንም። መጀመሪያ ከፊት ተንበርክከህ እይ።»

«እኛን አሳስተህ አንተ ተመለስህ?»

«አዎ፤ አንተም ተመለስ» አልሁት። ሰድቦኝ ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዞር ብዬ ሳይ ግን መኪናው ፊት ተንበርክኮ ነበር።

በማግሥቱ ወደ አርብ ገበያ ልንመለስ ስንል የፊቱ ወንበር ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። በሩን እንደያዝሁ ቆምሁ። ልጄ ከመሪው ኋላ ሆና ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ከኋላ ቦታ አለ።»

ዞሬ በኋላው በር ገባሁ። በገዛ መኪናዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ወንበሩ እንደዚያ የሚያነጥር መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም። ነጋዴዋ ሽንኩርቷን ሸጣ፣ ለገና ያሰበቻትን ዶሮ ታቅፋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ እጅዎ ሥራ ፈትቷል፤ ይቺን ይያዙልኝ» ብላ ዶሮዋን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ቁልቁለቱን ጀመርን። ልጄ ማርሽ ቀየረች። መርፌው የት እንደደረሰ ከኋላ አይታይም። አንገቴን አስግጌ፣ በሰዎቹ ትከሻ መካከል ለማየት ከወንበሬ ብድግ አልሁ፤ ዶሮዋ ክንፏን አራግፋ ጮኸች።

«ኧረ ይቀመጡ! ዶሮዬን ጨረሷት!»

ተቀመጥሁ።